ፌስፓኮ፦ ፊልም ሳይኖራት ፌስቲቫል የደገሰች ከተማ

በፌብሩዋሪ 1969 ዋጋዱጉ ላይ «የአፍሪካ ሲኒማ ሳምንት» ሲከፈት፣ ደጋሿ አገር ላይኛው ቮልታ በገዛ ልጇ የተሠራ አንድ እንኳ ረጅም የልብ ወለድ ፊልም አልነበራትም። ባሕር በር የላትም፤ ነጻ ከወጣች ዘጠኝ ዓመት አልሞላትም፤ ከዓለም ድሃ አገሮች ተርታ ትቆጠር ነበር። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ነገሩ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። ይሁንና ያ ሳምንት ሥር ሰድዶ፣ ዛሬ ፌስፓኮ ተብሎ የሚታወቀው የአፍሪካ ትልቁ የፊልም ፌስቲቫል ሆነ። አገሪቱ ስሟን ለውጣ ቡርኪና ፋሶ ተባለች፤ መንግሥታቷ በመፈንቅለ መንግሥት ተራ በተራ ወደቁ፤ ፌስቲቫሉ ግን ከሁሉም ተረፈ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ፌስፓኮ ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው ሽልማቱ ነው። እኛም አገር ስሙ በሰፊው የተሰማው ኃይሌ ገሪማ በ2009 በ«ጤዛ» ታላቁን ዋንጫ ባሸነፈ ጊዜ ነው። ታሪኩን ከመነሻው ለተከታተለ ግን ይህን ተቋም አጽንቶ ያቆየው ከዋንጫው ይልቅ የሲኒማ ቤቱ ጉዳይ ነው። ፊልሙ የሚታይበት አዳራሽ የማን ነው? ምን እንደሚታይ የሚወስነው ማን ነው? ከትኬት የተሰበሰበው ገንዘብስ ወዴት ይሄዳል? ዋጋዱጉ እነዚህን ጥያቄዎች ገና ፊልም ሠሪ ሳይኖራት አነሣች። የፌስቲቫሉ ብርታትም ሆነ ዛሬ ያለበት ጭንቅ የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ከክበብ የተነሣ ሳምንት

በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ዘመን አፍሪካዊ በገዛ አገሩ ካሜራ ማንሣት ቀላል አልነበረም። በ1934 የወጣውና በጊዜው የቅኝ ግዛት ሚኒስትር በነበረው በፒዬር ላቫል ስም የሚጠራው ድንጋጌ፣ በቅኝ ግዛቶቹ ፊልም ለመቅረጽ የፈለገ ሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያገኝ ያስገድድ ነበር። ፖላን ቪዬራና ጓደኞቹ በ1955 ስለ አፍሪካውያን ተማሪዎች ኑሮ የሠሩትን አጭር ፊልም ፓሪስ ላይ የቀረጹት በአፍሪካ ምድር ስላልተፈቀደላቸው ነው። ሴኔጋላዊው ደራሲ ኡስማን ሴምቤን ደግሞ መጽሐፉ ማንበብ ለማይችለው ወገኑ እንደማይደርስ ሲገባው ወደ ካሜራ ዞረ። በ1963 የዳካርን ጋሪ ነጂ የአንድ ቀን ውሎ ያሳየበትን «ቦሮም ሳሬት»ን፣ በ1966 ደግሞ ፈረንሳይ ሄዳ በሰው ቤት ስለተቀጠረች ሴኔጋላዊት «ላ ኗር ደ...»ን ሠራ።

ፊልም መሠራት ተጀመረ፤ ማሳያ ቦታ ግን አልተገኘም። በፈረንሳይኛ ተናጋሪው ምዕራብ አፍሪካ የፊልም ገበያውን የተቆጣጠሩት ኮማሲኮና ሴክማ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ኩባንያዎች ነበሩ። ፊልም አስመጪዎቹ እነሱ፣ አከፋፋዮቹም እነሱ፣ የብዙዎቹ ሲኒማ ቤቶች ባለቤቶችም እነሱ ነበሩ። የከተማው ሰው በየምሽቱ የአሜሪካ ካውቦይ፣ የሕንድ ዘፈንና ለቅሶ፣ የፈረንሳይ ወንጀል ነክ ፊልም ያያል። የጎረቤት አገር ልጅ የሠራው ፊልም ግን በአውሮፓ ፌስቲቫሎች ከታየ በኋላ ወደ መጋዘን ይገባል። ቱኒዚያ ላይ ታሃር ሸሪያ በ1966 የካርቴጅ የፊልም ቀናትን የመሠረተው ይህን ለመስበር ነበር። ከሰሃራ በታች ግን ተመሳሳይ መድረክ አልነበረም።

ዋጋዱጉ ውስጥ በፈረንሳይና በቮልታ የባህል ማዕከል የሚሰበሰብ አንድ የፊልም ክበብ ነበር። አባላቱ ፊልም ያያሉ፣ ካዩ በኋላ ይከራከራሉ። አንድ ጥያቄ ደግሞ ሁልጊዜ ይነሣባቸው ነበር፦ አፍሪካውያን ፊልም እየሠሩ እኛ ለምን አናይም? ሳምንቱ የተጸነሰው በዚህ ክበብ ነው። የመጀመሪያውን አዘጋጅ ኮሚቴ የመሩት በቴሌቪዥን ይሠሩ የነበሩት ወይዘሮ አሊማታ ሳላምቤሬ ነበሩ፤ በኋላ የአገሪቱ የባህል ሚኒስትር ሆነዋል። ሴምቤንም ከጅምሩ ከጎናቸው ነበር።

ሳምንት ይባል እንጂ ዝግጅቱ ከፌብሩዋሪ 1 እስከ 15 ዘለቀ። ከአምስት የአፍሪካ አገሮች፣ እንዲሁም ከፈረንሳይና ከኔዘርላንድስ የመጡ 23 ፊልሞች ታዩ። ውድድር አልነበረም፤ ዳኛም ዋንጫም አልነበረም። ወደ 10,000 የሚጠጋ ተመልካች ግን መጣ። በአገሩ ቋንቋ የሚናገር ገጸ ባሕርይ በሸራ ላይ አይቶ የማያውቅ ሕዝብ፣ የሚመስለውን ሰው ለማየት ተሰለፈ። አዘጋጆቹ ተመልካች አለን የለንም ለሚለው ስጋታቸው መልሱን በዚያው አገኙ።

ስድስት ሲኒማ ቤቶች

የተቋሙ እጣ የለየለት በተከታዩ ዓመት መባቻ ነው። መንግሥትና የፈረንሳይ ኩባንያዎቹ በትኬት ዋጋና በግብር ተጋጩ። በጃኑዋሪ 1970 የፕሬዚዳንት ሳንጉሌ ላሚዛና መንግሥት በአገሪቱ ያሉትን ስድስት ሲኒማ ቤቶች ወረሰ፤ የሚያስተዳድራቸውንም ብሔራዊ የሲኒማ ድርጅት አቋቋመ። ኩባንያዎቹ በአጸፋው ፊልም መላክ አቆሙ።

ስድስት ሲኒማ ቤት ለአንድ አገር ምን ያህል ነው? ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ እርምጃው ግን በአካባቢው ብዙ መንግሥታት ያልደፈሩት ነበር። ሴኔጋልን የመሰለ የፊልም ሠሪዎች መፍለቂያ እንኳ በዚያን ጊዜ በራሱ አዳራሾች ላይ አያዝም ነበር። ከትኬት ሽያጭ የተወሰነ ድርሻ ለአገር ውስጥ ፊልም ሥራ የሚውል ገንዘብ ሆኖ እንዲቀመጥም ተደረገ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የሕንድ ፊልም ሊያይ የመጣው ወጣት በከፈለው ሳንቲም የአገሩ ልጅ ካሜራ ይከራያል። የአገሪቱ የመጀመሪያ ረጅም የልብ ወለድ ፊልም፣ የማማዱ ጂም ኮላ ሥራ፣ በ1972 ወጣ። ፌስቲቫሉ ፊልሙን በሦስት ዓመት ቀደመው ማለት ነው።

በዚያው በ1972 ጃኑዋሪ ፌስቲቫሉ በመንግሥት ድንጋጌ ቋሚ ተቋም ሆነ፤ የዋጋዱጉ የመላው አፍሪካ የፊልም ፌስቲቫል ተባለ። በፈረንሳይኛ ስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ነው ፌስፓኮ የምንለው። ውድድርም በዚያው ዓመት ተጀመረ። ለታላቁ ሽልማት አዘጋጆቹ ከአገር ቤት ተረት አንድ ምስል መረጡ፦ የየኔንጋን ድንጉላ ፈረስ። የኔንጋ በሞሲ ሕዝብ አፈ ታሪክ የዳጎምባ ንጉሥ ልጅ፣ ጦረኛና ፈረሰኛ ናት። አባቷ ከጦር ሜዳ እንዳትለየው ብሎ ትዳር ከለከላት፤ እሷም በፈረሷ ጠፍታ ጫካ ውስጥ ከዝሆን አዳኙ ከሪያሌ ጋር ተገናኘች። ልጃቸውን ዌድራጎ አሉት፤ የሞሲ ነገሥታት የዘር ሐረጋቸውን ከእሱ ይቆጥራሉ። ጦር ይዛ በፈረስ የተቀመጠችው ልጅ የዋንጫው ቅርጽ ሆነች። የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው የኒጀሩ ኡማሩ ጋንዳ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፌስቲቫሉ በየጊዜው ሲንገዳገድ ቆይቶ በ1970ዎቹ አጋማሽ ተቋረጠ። በ1976 ቀጠለ፤ ከ1979 ጀምሮ ግን በየሁለት ዓመቱ በጎዶሎ ቁጥር ዓመት እንዲደረግ ተወሰነ። ካርቴጅ በዚያን ጊዜ በሙሉ ቁጥር ዓመት ይደረግ ስለነበር የአህጉሩ ፊልም ሠሪዎች አንዱን ዓመት ወደ ቱኒስ፣ ቀጣዩን ወደ ዋጋዱጉ ይሄዱ ነበር። በከተማው ሌላም ነገር ተተከለ፦ በ1976 የፊልም ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከተማሪዎቹ አንዱ ኢድሪሳ ዌድራጎ ነው፤ «ቲላይ» በተባለው ፊልሙ በ1990 የካንን ታላቅ የዳኞች ሽልማት፣ በ1991 ደግሞ የየኔንጋን ዋንጫ አገኘ። ጋስቶን ካቦሬ በ1982 የሠራው «ዌንድ ኩኒ»ም በሞሲዎች ቋንቋ በሞሬ የሚናገር ፊልም ሆኖ ከአፍሪካ ውጪ ሳይቀር ታወቀ። ፊልም ያልነበራት አገር በሃያ ዓመት ውስጥ በዓለም ትልልቅ መድረኮች የምትጠራ ሆነች።

ሳንካራና የፊልም ሠሪዎች አደባባይ

ካፒቴን ቶማስ ሳንካራ በ1983 ሥልጣን ሲይዝ ፌስቲቫሉን እንደ ዋዛ አላየውም። ለእሱ ሲኒማ የአብዮቱ መሣሪያ ነበር፤ ፊልም ሠሪውም ከገበሬውና ከሠራተኛው እኩል ተሰላፊ ነበር። በዚያው ዓመት ከፌስቲቫሉ ጎን የፊልምና የቴሌቪዥን ሥራዎች ገበያ ተከፈተ። በ1985 «ሲኒማና የሕዝቦች ነጻነት» የሚል መሪ ቃል ተሰጠው፤ እንግዶቹም የባቡር ሐዲድ በሕዝብ ጉልበት ወደሚዘረጋበት ቦታ ሄደው ሐዲድ ሲያነጥፉ ታዩ። በባሕር ማዶ ያለው ጥቁር ሕዝብ ፊልምም በፌስቲቫሉ ቦታ እንዲያገኝ በሩ ሰፋ።

ከዚያ ዘመን የተረፈው ምልክት በከተማው ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ይገኛል። የፊልም ሠሪዎች አደባባይ ላይ ፎቅ የሚያህል ሐውልት ቆሟል፤ የፊልም መጠምጠሚያና የካሜራ ሌንስ ቅርጾች አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው የተሠራ ነው። በፌስቲቫሉ ሰሞን ፊልም ሠሪዎቹ እዚህ ይሰበሰባሉ። ጥቁሩ አሜሪካዊ፣ ደቡብ አፍሪካዊው፣ ሞሮኳዊው፣ ማሊያዊው እጅ ለእጅ ተያይዘው በሐውልቱ ዙሪያ ክብ ይሠራሉ። ካለፈው ፌስቲቫል ወዲህ ለሞቱ ባልደረቦቻቸው መሬት ላይ መጠጥ ያፈሳሉ፤ ሐውልቱንም ይዞራሉ። ለብዙ ዓመታት ሥርዓቱን ይመራ የነበረው ሴምቤን ነው። በ2007 እሱ ራሱ ሲያርፍ ስሙ ከሚታሰቡት ተርታ ገባ። ዙሪያውን ሞተር ሳይክሎች ይጮኻሉ፤ መንገደኛው ቆሞ ያያል። የከተማው ሰው የፊልም ሠሪን ፊት ከዘፋኝና ከኳስ ተጫዋች እኩል የሚለይበት አንዱ ምክንያት ይህ በአደባባይ የሚደረግ ሥርዓት ነው።

ሳንካራ በኦክቶበር 1987 ተገደለ። የፊልም ትምህርት ቤቱም በዚያው ዓመት ተዘጋ። ሥልጣኑን የያዙት ብሌዝ ኮምፓኦሬ ፌስቲቫሉን አልነኩትም፤ እንዲያውም የአገዛዛቸው መታያ አደረጉት። የ1989ኙ መክፈቻ ለብዙ እንግዶች ከባድ ነበር፤ ጋባዣቸው ተገድሎ በገዳዮቹ ግብዣ መቀመጥ ያልሆነላቸው ነበሩ። የተቋሙ ትልቁ ቅራኔ እዚህ ላይ ገሃድ ይወጣል። ዋና ኃላፊውን መንግሥት ይሾማል፤ በጀቱ በአብዛኛው ከመንግሥትና ከውጭ ለጋሾች ይመጣል፤ በመክፈቻው ዕለት የክብር ወንበሩ የባለሥልጣን ነው። ሸራው ላይ የሚታየው ፊልም ግን ብዙ ጊዜ ያንኑ ባለሥልጣን የሚተች ነው። ይህን ቅራኔ እስከ ዛሬ የፈታው የለም፤ ፌስቲቫሉ ከእሱ ጋር መኖርን ለመደ።

ሲኒማ የሞላበት ሳምንት

ፌብሩዋሪ ሲያልቅ ዋጋዱጉ ሞቃትና አቧራማ ናት። በመክፈቻው ዕለት ከተማው ግልብጥ ብሎ ይወጣል፤ ሙዚቃ አለ፣ ጭፈራ አለ፣ ፈረሰኛ አለ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ፊልም ይታያል። በሲኔ ቡርኪናና በኔርዋያ በር ላይ ሞተር ሳይክሎች በመቶዎች ይደረደራሉ። ባጅ ያንጠለጠለው እንግዳና ትኬት የቆረጠው የሰፈር ልጅ ወንበር ይሻማሉ። ብርሃኑ ሲጠፋ ዝም የሚል ተመልካች የለም፤ ክፉ ባል ሲዋሽ ይጮኹበታል፤ ልጅቷ ስታመልጥ ያጨበጭባሉ። ፊልሙ በሞሬ ከሆነ ከታች የሚጻፈውን ትርጉም የሚያነበው እንግዳ ከመሳቁ በፊት አዳራሹ በሳቅ ይናወጣል። ከፓሪስ ወይም ከኒውዮርክ የመጣ የፊልም ተቺ ፊልሙን ከማየት እኩል ተመልካቹን የሚያየው እዚህ ነው።

የእንግዶቹ መናኸሪያ ለረጅም ዘመን ሆቴል አንዴፓንዳንስ ነበር። ሴምቤን የሚያርፍበት ክፍል የታወቀ ነበር፤ በመዋኛ ገንዳው ዙሪያ ባሉት ጠረጴዛዎች ገንዘብ ፈላጊው ፊልም ሠሪና ገንዘብ ያለው አዘጋጅ ይገናኙ ነበር፤ ጋዜጠኛው የሚፈልገውን ሰው ሳይቀጥር ያገኝ ነበር። ብዙ የአፍሪካ ፊልሞች የተወጠኑት በዚያ ገንዳ ዳር ነው ይባላል። በመንገዱ ላይ ደግሞ የጥልፍ ልብስ፣ የነሐስ ጌጥና የቆዳ ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ድንኳን ይተክላሉ። ለከተማው ነጋዴ ፌስቲቫሉ የሁለት ዓመት ትልቁ ገበያ ነው።

ሠላሳ አምስት ሚሊ ሜትር

ይህ ሁሉ ድምቀት እያለ የተቋሙ መሠረት ከስር ይሸረሸር ነበር። በ1990ዎቹ መንግሥታት በዓለም ባንክና በአይኤምኤፍ ግፊት የኢኮኖሚ ማስተካከያ ሲያደርጉ በመላው ምዕራብ አፍሪካ ሲኒማ ቤቶች ተሸጡ፤ መጋዘንና የጸሎት ቤት ሆኑ። ካሜሩን በ2009 የመጨረሻ ሲኒማ ቤቶቿ ተዘጉ። በቡርኪና ፋሶም ስድስቱን አዳራሾች የወረሰው የመንግሥት ድርጅት ወራሽ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ፈረሰ። ቪሲዲና ሳተላይት ቴሌቪዥን ተመልካቹን ቤቱ አስቀመጡት። ፌስቲቫሉ የአህጉሩን ፊልም ለማሳየት ከተማውን ሲያጥለቀልቅ፣ በቀሪዎቹ ሃያ ሦስት ወራት ግን ያው ፊልም የሚታይበት ቦታ እየጠፋ ሄደ።

በዚሁ ጊዜ ሌላ ችግር መጣ። ለታላቁ ዋንጫ የሚወዳደር ፊልም በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የታተመ መሆን ነበረበት። ይህ ደንብ ሲወጣ ትክክል ነበር፤ ሲኒማ ቤቶቹ ሌላ ማሳያ አልነበራቸውም። በ2000ዎቹ ግን ሌጎስም አዲስ አበባም ፊልም የሚሠራው በቪዲዮ ካሜራ ነበር። ለአንድ የ35 ሚሊ ሜትር ቅጂ የሚወጣው ገንዘብ ሙሉ ፊልም ያሠራ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በሲኒማ ኢትዮጵያና በአምባሳደር በር ላይ ተመልካች ተሰልፎ የገባባቸው የአማርኛ ፊልሞች በዋጋዱጉ ዋና ውድድር ቦታ ሊያገኙ አይችሉም ነበር። ፌስቲቫሉ በራሱ ሕዝብ ፊት የቆሙትን ፊልሞች በቅርጻቸው ምክንያት ከዋናው መድረክ አገለላቸው። ደንቡ የተነሣው በ2015 ነው።

ዘግይቶ የመጣ ውሳኔ ነበር፤ በሌላ በኩል ግን ተቋሙ የጥንቱን ፊልም ለማዳን ቀድሞ ተነሥቷል። በ1989 የአፍሪካ ፊልሞች ማኅደር በዋጋዱጉ ተመሠረተ። አብዛኛው የአፍሪካ ፊልም ዋና ቅጂ የሚገኘው በአውሮፓ ላቦራቶሪዎች ነው፤ ፊልሙን የሠራው ሰው የራሱን ሥራ ለማየት ቪዛ የሚጠይቅበት ዘመን ነበር። ማኅደሩ ቅጂዎቹን ወደ አህጉሩ ለመመለስ ሞከረ። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2009 በአንድ ቀን 263 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወርዶ ዋጋዱጉ በጎርፍ ስትመታ ውኃው የፌስፓኮን ግቢ አጥለቀለቀ፤ በማኅደሩም ላይ ጉዳት ደረሰ። በበረሃ ዳር ያለች ከተማ ፊልሞቿ በውኃ ይጎዳሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

የኢትዮጵያውያን ዐሻራ

በዚያው በ2009፣ ከጎርፉ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ፌስቲቫሉ አርባኛ ዓመቱን አክብሮ ነበር። ታላቁ ዋንጫ ለ«ጤዛ» ተሰጠ። ፊልሙ ከጀርመን ተምሮ በደርግ ዘመን ወደ አገሩ የተመለሰው አንበርብር በከተማም በጣና ዳርም ሰላም ሲያጣ የሚያሳይ ነው። በቬኒስና በካርቴጅ ከተሸለመ በኋላ ነው ዋጋዱጉ የደረሰው። በመድረኩ ዋንጫውን የተቀበለችው የዳይሬክተሩ እህትና የፊልሙ ተባባሪ አዘጋጅ ሰሎሜ ገሪማ ናት። ለዋጋዱጉ ተመልካች ታሪኩ ባዕድ አልነበረም፤ ተምሮ ተመልሶ አብዮት ያሰበ፣ በኋላ አብዮቱ ጓደኞቹን የበላበት ትውልድ እዚያም ነበር።

ኃይሌ ገሪማ ከቡርኪና ፋሶ ጋር የነበረው ግንኙነት ከዚያ የቆየ ነው። በ1993 የወጣው «ሳንኮፋ» በጋና የተቀረጸ ሲሆን ከተባባሪ አገሮቹ አንዷ ቡርኪና ፋሶ ነበረች። ከዳይሬክተር ወንበር ጀርባ ያለ ሌላ ኢትዮጵያዊም አለ፦ የካሜራ ባለሙያው አብርሃም ኃይሌ ብሩ። የቻዱ ማሃማት ሳሌህ ሃሩን «አቡና»ን ሲሠራ ካሜራውን የያዘው አብርሃም ነበር፤ በ2003 ፌስፓኮም ፊልሙ በምስል ቀረጻ ተሸለመ። የቻድ ታሪክ፣ በኢትዮጵያዊ ዓይን ተቀርጾ፣ በቡርኪና ከተማ ሲሸለም፣ ፌስቲቫሉ የመላው አፍሪካ ነኝ የሚለው ለወጉ እንዳልሆነ ያሳያል። የአፍሪካ ቀንድ በ2021 እንደገና ወደ መድረኩ ወጣ፤ ሶማሊያዊው ካድር አይደሩስ አህመድ በጂቡቲ በቀረጸው «የመቃብር ቆፋሪው ሚስት» ታላቁን ዋንጫ ወሰደ።

መንግሥት ሲወድቅ

ከ2014 ወዲህ ያሉት ዓመታት ለተቋሙ የፈተና ዘመን ናቸው። በኦክቶበር 2014 ሕዝቡ ኮምፓኦሬን ከሥልጣን ሲያወርድ ሆቴል አንዴፓንዳንስ ተቃጠለ። ከአራት ወር በኋላ ግን ፌስቲቫሉ ተከፈተ። የአብዱራህማን ሲሳኮ «ቲምቡክቱ»፣ አክራሪዎች የያዟትን ከተማ የሚያሳየው ፊልም፣ ለጸጥታ ሲባል ይቅር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ በመጨረሻ ታየ። በጃኑዋሪ 2016 ታጣቂዎች በክዋሜ ንክሩማህ ጎዳና ያለ ሆቴልና ካፌ ላይ አደጋ ጥለው ሠላሳ ያህል ሰው ገደሉ። የ2017ቱ ፌስቲቫል በፍተሻ በር ታጅቦ ተካሄደ፤ ተመልካቹ ተፈትሾ ገባ እንጂ አልቀረም። በ2021 በኮቪድ ምክንያት ከፌብሩዋሪ ወደ ኦክቶበር ተዛወረ። በ2022 በአንድ ዓመት ሁለት መፈንቅለ መንግሥት ሆነ፤ በ2023 መጀመሪያ ፌስቲቫሉ በቀኑ ተከፈተ።

የጸጥታው ችግር በፊልሞቹ ውስጥም ገብቷል። በ2023 የብር ዋንጫ ያገኘው የአፖሊን ትራኦሬ «ሲራ» በታጣቂዎች ተጠልፋ በበረሃ ስለምትታገል ወጣት ይተርካል፤ በቡርኪና ፋሶ መቅረጽ ስላልተቻለ ወደ ሞሪታንያ ሄደው ነው የሠሩት። ያ ፊልም ሌላ የቆየ ቅሬታም አስታወሰ። የፌስቲቫሉ ዋንጫ በሴት ጦረኛ ስም ነው፤ የመጀመሪያውን ኮሚቴ የመሩትም ሴት ናቸው፤ እስከ 2025 ድረስ ግን ታላቁን ዋንጫ የወሰደች ሴት ዳይሬክተር የለችም። በ2019 የአምሳኛ ዓመቱ በዓል ላይ ሴት የፊልም ባለሙያዎች በሙያው ውስጥ የሚደርስባቸውን ጥቃት በአደባባይ ተናግረዋል። ጉዳዩ ከዚያ ወዲህ ከውይይት መድረክ አልወረደም። በ2025 ታላቁ ዋንጫ፣ ከ20 ሚሊዮን ሴፋ ፍራንክ ጋር፣ ከ1997 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር ልጅ እጅ ገባ፤ ዳኒ ኩያቴ የሼክስፒርን «ማክቤዝ» በሞሬ ቋንቋ፣ በጥቁርና ነጭ ምስል የሠራበት «ካታንጋ»።

ከዚህ ታሪክ አዲስ አበባ የምትወስደው አለ። እኛም ሲኒማ ቤቶቻችን በደርግ ዘመን ተወርሰው የከተማው ንብረት ሆነዋል፤ በ2000ዎቹ ደግሞ ሕዝቡ ለአገር ልጅ ፊልም ትኬት ለመቁረጥ እንደማይሰስት አሳይቷል። ዘጋቢ ፊልም ላይ ያተኮረው አዲስ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫልና የጉማ ሽልማት በአዘጋጆቻቸው ጥረት ቆመዋል። ፊልም አለን፣ ተመልካች ነበረን፣ አዳራሽም አልጠፋም። ዋጋዱጉ ያደረገችውና እኛ ያላደረግነው ሦስቱን በአንድ ገመድ ማሰር ነው፦ ቀኑ የማይነቃነቅ ፌስቲቫል፣ ከትኬት ተቆርጦ ለፊልም ሥራ የሚመለስ ገንዘብ፣ ያለፈውን የሚጠብቅ ማኅደር። ዋጋዱጉ ገመዱ ሲላላ ምን እንደሚሆንም አሳይታለች፤ አዳራሾቹ ሲዘጉ ፌስቲቫሉ በየሁለት ዓመቱ የሚመጣ በዓል ብቻ ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር። ስለዚህ አዲስ አበባ የራሷን ትልቅ ፌስቲቫል ስታስብ ከቀይ ምንጣፉና ከዋንጫው በፊት መጠየቅ ያለባት ጥያቄ ከዋጋዱጉ ክበብ ጥያቄ የሚቀጥለው ነው፦ ይህ ፊልም ፌስቲቫሉ ካለፈ በኋላ የት ይታያል?